ባቢ ራሲላና ባለጆሮዋ ጉጉት

ሰው ስልሳ ዓመት ሲያልፈው ምን ያደርጋል? ቤተ መቅደስ ይሳለማል፣ የልጅ ልጅ ያቅፋል፣ ጉልበቴን አመመኝ እያለ ሰው ያሰለቻል። እኔ ናቫል ይህን ሁሉ በሥርዓቱ እየሠራሁ ነው። የታላቅ ወንድሜ የሂማት ሚስት ግን በየዓመቱ ጃንዋሪ አንድ ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በሬን ትደበድባለች።

«ናቫል! ተነሥ እንጂ! ዓመቱ እኮ ጀመረ!»

«ይጀምራ! እኔን ምን አድርግ ነው የሚለኝ?»

«መኪናህን አስነሣ ነው የሚልህ።»

ራሲላ ትባላለች። ከተማችን ጃምናጋር ውስጥ ሰዉ ሁሉ «ራሲላቤን» ይላታል፣ እህት ራሲላ እንደማለት ነው። እኔ የባሏ ታናሽ ስለሆንኩ ባቢ እላታለሁ። የባል ታናሽ ወንድምና የወንድም ሚስት ቢተራረቡ እኛ ዘንድ ነውር የለውም። እኛ ሁለታችን ደግሞ በፈቃዱ ከሚገባው በላይ ተጠቅመንበታል። ቤታችን አንድ ነው፤ እነሱ ምድር ቤት፣ እኔ ፎቅ። ስለዚህ ከእሷ የማመልጥበት ቦታ የለኝም።

ዕድሜዋን የፈጀችው በስልክ ቤት ነው። ያኔ ስልክ በሰው እጅ በሚገናኝበት ዘመን ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ከተማውን ከከተማው ስታገናኝ ኖረች። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ እንደታጨች ከሁሉ በፊት ታውቅ ነበር፤ ግን አንድም ቃል አውጥታ አታውቅም። ጡረታ ስትወጣ ልጇ ከሱራት ካሜራ ይዞላት መጣ፣ የልጅ ልጇን ፎቶ እንድታነሳበት። አነሳችው። ከሕፃኑ ኋላ አጥር ላይ ቁራ ቆሞ ነበር። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሕፃኑን ከፎቶው ቆርጣ ጥላ ቁራውን አስቀረች። ምራቷ ይህን እስካሁን አልረሳችላትም።

በዚያው ጀመረች። መጀመሪያ የግቢያችን ወፎች፣ ቀጥሎ የሐይቁ ዳክዬዎች፣ ከዚያ ከአገር ውጭ እየመጡ በረግረጉ ላይ የሚከርሙት ሁሉ። በከተማችን እንደሷ ያበዱ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አለ፤ እዚያ ገባች። ሕጋቸው ቀላል ነው። ዓመቱ ሲጠባ መዝገብ ትከፍታለህ፤ የዱር ወፍ አይተህ ፎቶ ባነሳህ ቁጥር ትጽፋለህ፤ ፎቶ ከሌለህ አላየህም። ዓመቱ ሲያልቅ ማን ስንት ዓይነት እንዳየ ይታያል። ይህ ለእኔም ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው።

«እንግዲህ ባቢ፣ አምና ከሁለት መቶ በላይ ይዘሻል» አልኳት አንድ ጊዜ፣ «ዘንድሮ ሦስት መቶ ትሞያለሽ።»

«ዘንድሮ ምንም የለኝም። ገና ዜሮ ነኝ።»

«እንዴት ዜሮ? ያ ሁሉ ወፍ የት ሄደ?»

«ዓመቱ አለፈ፣ አብሮ አለፈ። ቁራም እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው።»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ጭቃ ያረገጠችኝ፣ ጂፔን እስከ ወገቧ ያሰመጠችብኝ፣ ለካስ ዲሴምበር ሲያልቅ ለሚጠፋ ነገር ነው!

«አንድን ቁራ ስንት ጊዜ ነው የምታነሺው፣ ሴትዮ?»

«አንተ ትናንት ቁርስ በላሁ ብለህ ዛሬ ትተዋለህ?»

የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ። ከእሷ ጋር ስጣላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

አሁን ስለ ባለጆሮዋ ጉጉት ልናገር። ይህች ጉጉት አገሯ ሩቅ ነው፤ ሰሜን፣ ከበረሃውም ከተራራውም ወዲያ። አናቷ ላይ እንደ ጆሮ የቆሙ ሁለት ላባዎች አሏት፣ ዓይኗ ደግሞ ብርቱካን ነው። እኛ ጋ የምትመጣው በስንት ዓመት አንዴ፣ በብርዱ ወራት ነው፤ የማትመጣበት ዓመት ይበዛል። ቀን ቀን እሾሃማ ግራር ውስጥ ገብታ፣ ሰውነቷን አቅጥና፣ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብላ ትተኛለች። ፊት ለፊቷ ቆመህ ላታያት ትችላለህ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዷ መጣች ተባለ። ባቢን በጂፔ እየጋለብኩ ወሰድኳት። ስንደርስ ዛፉ አለ፣ ጉጉቷ የለችም። ከማኅበሩ አንዱ ዓይኗን ገልጣ እንድታየው ብሎ የአፈር ጓል ወርውሮባት ኖሯል። ብድግ ብላ ሄደች፤ ሄደች ቀረች። ባቢ ጂፕ ውስጥ ገባችና አለቀሰች። ደነገጥኩ። ሴት ልጇን ድራ ስትሸኝ፣ እኛ ወንዶቹ እንኳ ስንንሰቀሰቅ፣ እሷ ዓይኗ እርጥብ አልሆነም ነበር። ለወፍ ግን አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጃንጥላዋን ይዛ መሄድ ጀመረች። ወፍ በተገኘበት ሁሉ መጀመሪያ የምትሠራው፣ በጃንጥላዋ ጫፍ መሬቱ ላይ መስመር ማስመር ነው። «ከዚህ ወዲያ እግሩን ያነሳ ከእኔ ጋር ነው» ትላለች። የስልክ ቤት ድምጿ እንዳለ ነው፤ ስትናገር ሰው ቀጥ ይላል። አንድ ትልቅ የዘይት ነጋዴ፣ ከተማው ሁሉ «ሼትጂ» እያለ የሚሰግድለት፣ ግማሽ እርምጃ ቢያልፍ በሰው ፊት እንደ ተማሪ አስመለሰችው። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ! ማኅበሩም ወደደላትና ሕግ አደረገው፦ ወፍ ሲገኝ በፊት መስመር፣ ከዚያ ፎቶ። ሰዉ «የራሲላ መስመር» አለው። እሷም ከፎቶዎቿ ሁሉ ይልቅ በዚያ ነበር የምትኮራው።

«ወፍ የሚወድ ሰው አይጠጋም፣ ናቫል» ትለኝ ነበር። «የሚጠጋ ራሱን ነው የሚወደው።»

እንግዲህ ባለፈው ጃንዋሪ ኡታራያን መጣ። የካይት፣ በክር ወደ ሰማይ የሚለቀቀው የወረቀት መጫወቻ፣ በዓላችን ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከተማው ጣራ ላይ ነው የሚውለው። ክራችን ማንጃ ይባላል፤ የተፈጨ ብርጭቆ የተለቀለቀ፣ ሮዝ ቀለም የተነከረ ክር ነው፣ የሌላውን ካይት እንዲቆርጥ። ልጆቼ ጣራ ላይ «ቆረጥኩት!» እያሉ ይጮኻሉ፣ እኔም አንዳንዴ አብሬያቸው እጮኻለሁ፣ ምን ልዋሽ። ግን ያ ክር ወፉንም ይቆርጣል። ስለዚህ በእንስሳት ሐኪሟ በዶክተር ፓሩል ግቢ ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ የቆሰሉ ወፎች ይሰበሰባሉ፣ ዶክተሯ ትሰፋለች። ባቢ ሁለቱንም ቀን እዚያ ነበረች። ርግቡን፣ ሽመላውን፣ ይብራውን ደረቷ ላይ አቅፋ ትይዛለች፣ ዶክተሯ ትሰፋለች። ማታ ስትመጣ ጣቶቿ በክር ተተልትለው ነበር። ሚስቴ የበዓሉን ወጥ፣ ኡንዲዩውን፣ በሳህን አቀረበችላት።

«ብዪ እንጂ ባቢ» አልኳት።

«ደም ይሸተኛል» አለችና ገፋችው።

በማግስቱ ጠዋት እነሱ ቤት ሻይ ልጠጣ ወርጄ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወለው ኒሺት ነው፣ ከማኅበሩ። የባንክ ሠራተኛ ነው፤ የገዛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። ስልኩ ውስጥ እያንሾካሾከ ነበር፣ ወፏ የምትሰማው ይመስል። ባቢ አዳመጠች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ባለጆሮዋ» አለችኝ። «ሞታቫድ። ኩሬው ዳር።»

«ሻዬን ልጨርስ?»

«ናቫል!»

ሻዬን እዚያው ተውኩት። ሞታቫድ ከከተማው ወጣ ያለች መንደር ናት። ስንደርስ ኒሺትና ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ከኩሬው ማዶ ግራር አለ፤ ከግራሩ ዳር፣ ከቅጠሉ ወጣ ባለ ቅርንጫፍ ላይ፣ ጉጉቷ። እግዜር ያሳያችሁ! ፀሐዩ ፊት ለፊቷ ላይ ነው፤ ጆሮዎቿ ቆመዋል፣ ዓይኗ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ ስለ ወፍ የማላውቅ ሰውዬ እንኳ አፌን ያዝኩ።

«በአደባባይ!» አለች ባቢ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። «እኮ ይህች ወፍ እሾህ ውስጥ ነው የምትደበቀው። እኛን ልታይ ነው እንዴ የወጣችው?»

በጃንጥላዋ መስመሩን አሰመረች፣ ከወትሮው ራቅ አድርጋ። ከዚያ ካሜራዋን አነሳች። ስታነሳ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ምን አላወቅሁም። ሲበቃት ዘወር ብላ አየችኝ። ያን ፊቷን ከሠርጓ ቀን ወዲህ አላየሁትም።

«ሻይ በቤት ሞልቷል» አለችኝ። «ይህን ማን ይሰጥሃል?»

ወሬው ወዲያው ተሰማ። ከጃምናጋር ሰው መጣ፣ ከራጅኮት መጣ፣ ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ከአህመዳባድ ሁሉ መድረስ ጀመሩ፤ እንደ እብድ ሳይነዱ አልቀሩም፣ ወይም በረዋል። ቱቦ የሚያክል ካሜራ የተሸከመ፣ ድንጋይ ላይ በሆዱ የተኛ፣ ልብሱን ከቅጠል ጋር ያመሳሰለ፣ ምን የሌለ አለ! አንዱ ጋቲያ የሚሉትን የሽምብራ ጥብስና የተጠበሰ ቃሪያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለሁሉም ያድላል። ሁሉም ግን ከመስመሩ ወዲህ። ባቢ ጃንጥላዋን ይዛ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። የመጣው ሁሉ እግሯን ዳስሶ ሰላም ይላታል፤ «ራሲላቤን፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ጊዜ በርራ ነበር» ይላታል። እሷም «ዝም በሉና አንሱ» ትላለች፣ ደስታዋን ልትደብቅ እየሞከረች።

አንድ ጊዜ ብቻ ኒሺት ተጠጋት።

«ይቅርታ ራሲላቤን... አንዱ ክንፏ ወረድ ያለ አልመሰለዎትም?»

«የቱ?»

«የግራው። እኔ እንጃ። ጎንበስ ብዬ ትንሽ ጠጋ ብዬ ልይ?»

«ጠጋ?» አለችው። ሰዉ ሁሉ ዞረ። «አንተም ጀመርክ? ሰው ሁሉ ትንሽ ጠጋ ብዬ ሲል አይደል እንዴ ወፉ ያለቀው? ክንፏ የወረደው አንተን ስላየች ነው! ተመለስ!»

ኒሺት ጆሮው ድረስ ቀላ። ተመልሶ ከሰው ኋላ ቆመ። እኔም «አይዞህ፣ እኔን በቀን አሥር ጊዜ ነው እንዲህ የምታደርገኝ» አልኩት፣ ሳቅን።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጉጉቷ በድንገት ተንቀሳቀሰች። አንዱን ክንፏን ዘርግታ፣ እስከ ጫፉ ዘርግታ፣ ለአፍታ እንዲያው ያዘችው። ከዚያ አጠፈችው። እንደገና ዘረጋችው። የላባዋ ጥለት ከዚህ እስከዚያ ታየ። ካሜራው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ በቆሎ ተንጣጣ። «እፎይ!» የሚል አለ፣ «ጌታዬ!» የሚል አለ። አንድ ሽማግሌ እንባውን ጠረገ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ሁሉም በሥርዓት፣ በአክብሮት፣ ከመስመሩ ወዲህ። እንዲያ ዓይነት ጨዋ ሕዝብ አይቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። ይህን ነው ያሰብኩት!

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባቢ ጃንጥላዋን ለኒሺት አስረከበችው።

«ማንም እንዳያልፍ። አባትህም ቢሆን።»

«ማንም አያልፍም፣ ራሲላቤን።»

ቤት ስንገባ ሂማት ክሪኬት እያየ ነው። ባቢ ቀጥ ብላ ሄዳ የካሜራውን ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው።

«አንቺ! ሕንድ እየተጫወተች ነው!»

«ጉጉቴ ከሕንድ ትበልጣለች። ዞር በል።»

ሚስቴ ከላይ ወረደች፣ ምሳው ቀረበ፣ ሁላችንም ሳህናችንን ይዘን ተቀመጥን። ባቢ የመጨረሻውን፣ ክንፏን የዘረጋችበትን ከፈተችው። ያ ትልቅ የቴሌቪዥን መስኮት ሙሉ ጉጉት ሆነ። ሂማት እንኳ አፉ ውስጥ ያለውን ማኘክ ተወ።

«ወይ ጉድ» አለ። «እውነትም ቆንጆ ናት።» ከዚያ በቂጣው ጠቆመ። «ይሄ ሮዝ ነገር ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይሄ። ከክንፏ ሥር። መስመር ነገር።»

«ቴሌቪዥንህ አርጅቷል» አልኩት። «ሽቦው ነው።»

ባቢ ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች። የሳሪዋን ጫፍ ይዛ ሮዙ መስመር ያለበትን ቦታ ጠረገችው። አልጠፋም። እንደገና ጠረገችው፣ አሁን በኃይል። አልጠፋም። ቀጭን ሮዝ ክር ከክንፏ ሥር ወጥቶ፣ ቅርንጫፉን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ወደ ላባዋ ተመልሶ ይገባል።

ማንጃ ነው። በዚያ ሳምንት እኛ አገር ክር ያልተንጠለጠለበት ዛፍ የለም፤ ማየቱን አቁመናል። እሷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ክር ከወፍ ሥጋ ውስጥ ስትመዝ የዋለች ሴት ናት። የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ በፊት ያለው ፎቶ ላይ ክሩ አለ። ከዚያም በፊት። ረፋድ ላይ። ጠዋት ላይ። የመጀመሪያው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ያነሳችው ፎቶ ላይ፣ እዚያው አለ፤ የግራ ክንፏን ጠፍሮ ይዞ።

«አልተቀመጠችም» አለች ባቢ። ድምጿ የሌላ ሰው ነበር። «ናቫል፣ ታስራ ነው። አደባባይ የወጣችው ታስራ ነው።»

ሳህኔ ከእጄ ወደቀ። ክንፏን ዘርግታ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ እኛ «እፎይ» ስንል... ኧረ አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ለማምለጥ ስትታገል ነው እኮ ያደነቅናት!

ጂፑን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ባቢ ከድንኳኑ የመጣ ትንሽ መቀስ በቦርሳዋ ነበር፤ እሱን ጨብጣ «ቶሎ፣ ቶሎ» ከማለት በቀር መንገዱን ሁሉ ሌላ ቃል አልወጣትም። ጫማዋን ቤት ረስታለች።

ሞታቫድ ሰዉ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል። ኒሺት ጃንጥላዋን ይዞ መስመሩ ላይ ዘብ ቆሟል። ባቢ ከጂፕ ወርዳ ስትሮጥ ሲያይ ፈገግ አለ፤ መስመሩ ጋ ስትደርስ ግን አለመቆሟን አየና ፈገግታው ጠፋ።

«ራሲላቤን! መስመሩ! መስመሩ!»

አልፋው ሄደች። ከኋላ ጩኸት ተነሣ።

«ማን ናት ይቺ?»

«ኧረ ያዟት!»

«ሴትዮ! ከአህመዳባድ ድረስ የመጣን ሰዎች ነን!»

አንድ ወጠምሻ ተስፈንጥሮ ክንዷን ያዛት። «እናቴ፣ ታባርሪያታለሽ እኮ!»

«ታስራለች!» ብላ ጮኸችበት። «ልቀቀኝ! ታስራለች!»

ሰውየው አልገባውም፤ አልለቀቃትም። ያኔ ደሜ ፈላ። ጂፑን አስነሥቼ ጥሩምባውን ተጭኜ መስመሩን በጎማዬ አልፌ ቀጥታ ወደ ዛፉ ነዳሁት። ሰዉ እየተሳደበ ተበተነ፤ ወጠምሻውም ለቀቃት። ጂፑን ከቅርንጫፉ ሥር አቆምኩት። ባቢ ሳሪዋን ታጥቃ፣ ትከሻዬን ረግጣ፣ ጂፑ ጣራ ላይ ወጣች። የስልሳ አንድ ዓመት ሴት! እሾሁ ፊቷን ቧጠጣት፤ ልብ አላለችውም።

ጉጉቷ መንቁሯን እያጋጨች አየቻት። ልትበር ተንፈራገጠች፣ ክሩ መልሶ ያዛት፣ ተዘቅዝቃ ተንጠለጠለች። ያኔ ነው ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሰው ሁሉ ያየው። ዝም አለ። አንዲት ሴት «ወዮ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ፣ ማመን አልቻልኩም፣ ከዚያ ዝምታ ውስጥ የካሜራ ድምፅ ሰማሁ። አንድ። ቀጥሎ ሌላ። ባቢ እሾህ ውስጥ ሆና ክር ስትቆርጥ እያነሷት ነው!

«የማትረቡ!» አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። «አሁንም? አሁንም ታነሳላችሁ?»

ኒሺት ብቻ ነው ጃንጥላውን ጥሎ የሮጠው። ሹራቡን አውልቆ ወደ ላይ ዘረጋ፤ ባቢ ጉጉቷን እዚያ ላይ አሳረፈቻት። ሹራቡ ወዲያው ቀላ፣ ግን ብዙ አልቀላም። የሚፈስ ብዙ ደም አልቀረም ነበር። ኒሺት ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠዋት ጆሮው ድረስ ያቀላችው ሴት አጠገቡ ቆማ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገራትም። ቢሰድባት በተሻለ።

ኒሺትን ጭነን ከተማ ስንደርስ ዶክተር ፓሩል ድንኳኑን ገና አላነሳችም ነበር፤ ከበዓሉ በኋላም ለቀናት የቆሰለ ወፍ አይቋረጥም። ከሁለት ቀን ወዲህ እንቅልፍ ያየች አትመስልም። ባቢን ስታይ ለማገዝ የመጣች መስሏት «ጎሽ፣ እጅ አንሶኝ ነበር» አለቻት። ከዚያ ሹራቡን ገለጠችው።

ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት። ባቢ ሁለቱን ቀን ርግቦቹን እንደያዘች ያዘቻት፣ ደረቷን በመዳፏ፣ እግሯን በጣቶቿ መካከል። ዶክተሯ ክሩን በመቆንጠጫ መዘዘችው፣ ብዙ ነበር፣ አያልቅም። ክንፏን ገለጠችው፣ መብራቱን አስጠግታ ተመለከተችው። ጠብታ ሰጠቻት። መርፌ አዘጋጀች። ከዚያ መርፌውን መልሳ ሳህኑ ላይ አደረገችው።

«እስከ አጥንቱ ገብቷል» አለች። «አጥንቱም ደርቋል። ቁስሉ ትኩስ እያለ ቢሆን ኖሮ እሰፋው ነበር፣ ከዚህ የባሰ ሰፍቻለሁ። አሁን ግን ስትታገል አቅሟ አልቋል።»

ባቢ ጉጉቷን ብቻ እያየች ነበር። ብርቱካን ዓይኗ ክፍት ነው፤ እኛን አያይም። ያ ደረት በመዳፏ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ከፍ አለ። ዝቅ አለ። እስኪነሣ ጠበቅሁ፣ አልተነሣም። ዶክተሯ በሁለት ጣቷ ዳሰሰቻትና እጇን ሰበሰበች። ባቢ ግን መያዟን አልተወችም።

ዶክተር ፓሩል ለገቡት ወፎች ሁሉ እንደምታደርገው ወረቀቷን ሳበች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ክፉ አስባ አልነበረም።

«የት ነው ያገኛችኋት?»

«ሞታቫድ» አልኩ እኔ።

«መቼ?»

ኒሺት መሬት መሬት ያያል።

«ጠዋት» አለች ባቢ።

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና አለች። «ጠዋት? የዛሬ ጠዋት?»

«የዛሬ ጠዋት።»

«ራሲላቤን... እርስዎ ራስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ነበርኩ። ሁላችንም ነበርን፤ መንደሩ ሙሉ ሰው ነበር።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?»

ባቢ ጉጉቷን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ፊቷ ላይ እንባ የለም፤ የጠፋች ሕፃን ፊት ነበር የሚመስለው።

«ማንም እንዳይነካት» አለች፣ «ስጠብቃት ነበር።»